ማይትን የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለመሆን፦ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ፕሮፌሰርነት

ማይት ከነፍሳት ወገን አይደለም። ክንፍም ሆነ አንቴና የለውም፤ አድጎ ሲጨርስ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት እግር ያለው፣ ከሸረሪት ጋር የሚዛመድ ፍጥረት ሲሆን መዥገርም የዚሁ ጎራ አባል ነው። ሆኖም ዩኒቨርሲቲዎች ለማይት ብቻ የተለየ ትምህርት ክፍል ስለማያቋቁሙ፣ ይህን ፍጥረት የሚያጠናው ሰው የሚቀጠረው በኢንቶሞሎጂ (የነፍሳት ጥናት)፣ በሰብል ጥበቃ ወይም በባዮሎጂ ክፍል ነው፤ የማስተማሪያ ሰዓቱም በአብዛኛው የሚያልፈው ስለ ተምች፣ ስለ አገዳ ቆርቁርና ስለ ነቀዝ በማስረዳት ነው። ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ለመቀጠር ብቁ ኢንቶሞሎጂስት መሆን ይጠበቅበታል፤ ስም የሚያተርፈው ግን ባልደረቦቹ እምብዛም በማያውቁት በማይቱ ነው።

ይህ መመሪያ በዕፅዋት ሳይንስ፣ በባዮሎጂ ወይም በእንስሳት ጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ወደዚህ ዘርፍ ለማዘንበል ለሚያስቡ የኢትዮጵያ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚከተለው አንድ አቋም አለ፤ እሱም በማይት ጥናት የሚዘልቅ ሥራ የሚገነባው ናሙናን በራስ እጅ አዘጋጅቶ ዝርያውን በራስ ዓይን በመለየት ችሎታ ላይ ነው የሚል ነው። ስታቲስቲክሱም፣ የዘረመል ምርመራውም፣ የመስክ ሙከራውም ከዚያ በኋላ የሚደረደሩ ናቸው።

አንድ ቤተሰብ መምረጥ

ስም ወጥቶላቸው የተመዘገቡት የማይትና የመዥገር ዝርያዎች ከ50,000 በላይ ናቸው፤ ገና ያልተገለጹት ከእነዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ይገመታል። ሁሉንም የሚያውቅ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ «የትኛውን ችግር ልፍታ» የሚለው ሳይሆን «የትኛውን ቤተሰብ (እርስ በርስ የሚዛመዱ ዝርያዎች ምድብ) ልወቅ» የሚለው ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው፣ አማካሪያቸው ያገኘው የገንዘብ ድጋፍ በሚያዘው ርዕስ ይጀምራሉ፤ ድጋፉ ሲያልቅ በእጃቸው የሚቀረው የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ቀዳሚው ምርጫ ሰብል የሚመጠምጡት የቴትራኒኪዴ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከእነዚህ መካከል በጣም የታወቀው ቴትራኒከስ ኡርቲኬ፣ በአበባ እርሻ ሠራተኞች አጠራር «ሬድ ስፓይደር ማይት» ወይም «ቀይ ሸረሪት»፣ በጽጌረዳ ቤቶች ውስጥ ዋነኛ ራስ ምታት ነው። ሴቷ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ብትሆንም ከ1,000 በላይ በሆኑ የዕፅዋት ዓይነቶች ላይ መኖር ትችላለች። ሙቀቱ ሲመቻት ከእንቁላል ተነሥታ እንቁላል ጣይ እስክትሆን የሚፈጅባት ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ነው። ያልተዳቀለው እንቁላሏ ወንድ፣ የተዳቀለው ሴት ይሆናል። ወንዱ አንድ እጥፍ ክሮሞዞም ብቻ ስላለው፣ ፀረ ተባይን ለመቋቋም የሚያስችል ባሕርይ በእሱ ላይ ሳይደበቅ ወዲያው ለተፈጥሯዊ ምርጫ ይጋለጣል። ለትውልዱ መፍጠን ይህ ሲታከልበት፣ አንድ ፀረ ተባይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለምን እንደሚከሽፍ ለመረዳት አያስቸግርም። የዚህ ማይት ሙሉ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል፤ ይህም ከዘረመል ጋር ተያያዥ ጥያቄ ለሚያነሣ ተማሪ ሰፊ በር ከፍቷል።

ከእሱ ጎን የፋይቶሴይዴ ቤተሰብ አለ፤ እነዚህ ሌሎች ማይቶችን እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ የተባለው አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቺሊ ወደ ጀርመን በተላከ የኦርኪድ አበባ ላይ ሳይታሰብ ተገኝቶ፣ ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ በአትክልትና በአበባ ቤቶች ውስጥ የሚለቀቅ የንግድ ሸቀጥ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ምክር ሁለቱን ቤተሰቦች ጎን ለጎን መያዝ ነው፤ ተባዩንም አዳኙንም የሚለይ ሰው ከአበባ እርሻ እስከ ቲማቲም ገበሬ ድረስ ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ስለሚችል፣ የሥራ ዕድሉም የምርምር ገንዘቡም ይሰፋለታል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። የእንስሳት ሕክምና የተማረ ሰው ወደ መዥገር፣ ወይም በጎችንና ፍየሎችን ወደሚያሳክከውና የቆዳ ፋብሪካዎችን ወደሚያማርረው የእከክ ማይት ቢያመራ ያዋጣዋል፤ የመዥገሩ መስክ ግን አስቀድሞ ብዙ ሰው ያለበት ነው። በንብ ላይ የሚኖረው ቫሮዋ የተባለው ማይት በኢትዮጵያ መኖሩ የተዘገበው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሲሆን፣ የአገሬው ንብ ከአውሮፓ ንብ በተለየ መልኩ ይቋቋመው እንደሆነ የሚመረምር ሰው ጥሩ ጥያቄ ይዟል። ርዝመታቸው 0.2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ትል የሚመስሉና አራት እግር ብቻ ያላቸው የኤሪዮፊይዴ ማይቶች ደግሞ ትዕግሥት ላለው ሰው ገና ያልታረሰ ማሳ ናቸው። የአፈር ማይቶችም እንዲሁ በሳይንስ ረገድ ሀብታም ናቸው፤ ነገር ግን ስለ እነሱ ገንዘብ የሚሰጥ አካል ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ቋሚ ቅጥር ሳይገኝ በእነሱ ብቻ መጀመር አይመከርም።

የማስተርስ ዓመታትና ስላይድ መሥራት

በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ማይትን የሚያውቅ መምህር ላይኖር ይችላል። ይህ ሲሆን ዋና አማካሪውን ከክፍሉ፣ ሁለተኛውን አማካሪ ከሌላ ተቋም መያዝ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ለሁለተኛው አማካሪ በሚጽፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ግን ስለ ፍላጎትዎ ከሚተርክ አንድ ገጽ ይልቅ፣ ራስዎ የሠሯቸውን ሁለት ጥሩ ስላይዶች (ለማይክሮስኮፕ በመስታወት ላይ የተዘጋጁ ናሙናዎች) ፎቶግራፍ አንሥተው አያይዘው ይላኩ። የሙያው ሰዎች ስለ አንድ ጀማሪ የሚፈርዱት ከዚያ ተነሥተው ነው።

ስላይድ የመሥራት ጥበብ በመጻሕፍት በአጭሩ ተጽፎ ስለሚታለፍ እዚህ ላይ ረዘም ብሎ መቆየት ይገባል። ቅጠሎችን ከሰበሰቡ በኋላ ማይቶቹን በማጉያ ሥር በቀጭን ብሩሽ እያነሡ በ70 ወይም በ75 በመቶ አልኮል ውስጥ ያኑሩ። ለዘረመል ምርመራ የሚውሉትን ግን ለይተው በ95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ውስጥ ጨምረው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ፤ ከፍተኛ አልኮል ሰውነታቸውን ስለሚያደርቀውና ስለሚያገትረው፣ ለስላይድ የሚሆኑትንና ለዘረመል የሚሆኑትን በአንድ ብልቃጥ ማድረግ ሁለቱንም ያበላሻል። ብልቃጡ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃልና።

ጠቆር ያለውን ወይም የጠገበውን ማይት በላክቲክ አሲድ ውስጥ አቆይተው ውስጡ ጠርቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ያድርጉ። ከዚያም በመስታወቱ መካከል አንዲት ጠብታ የሆየር ማጣበቂያ አድርገው ማይቱን በውስጧ ያስምጡትና በስስ መሸፈኛ መስታወት ይክደኑት። የሆየር ማጣበቂያ በ50 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ፣ በ30 ግራም የአረቢያ ሙጫ፣ በ200 ግራም ክሎራል ሃይድሬትና በ20 ሚሊሊትር ግሊሰሪን ይዘጋጃል። ክሎራል ሃይድሬት በብዙ አገር ቁጥጥር የሚደረግበት ኬሚካል በመሆኑ ግዥው ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ የምርምር ዕቅዱ እንደ ጸደቀ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቃ እሱ ይሁን። የተሠራው ስላይድ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ማድረቂያ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ የመሸፈኛው ጠርዝ ዙሪያውን በቫርኒሽ ይታሸጋል፤ የጥፍር ቀለምም ለጊዜው ይሠራል። ሆየር እርጥበት ስለሚስብ ያልታሸገ ስላይድ በዓመታት ውስጥ ይበላሻል፤ በሌላ በኩል በውሃ የሚሟሟ መሆኑ የተበላሸውን ፈትቶ እንደገና ለመሥራት ያስችላል።

በአንድ ስላይድ ላይ አንድ ማይት ብቻ ማድረግ ይበጃል። አቀማመጡም እንደ ቤተሰቡ ይለያያል። የፋይቶሴይዴ ዝርያዎች የሚለዩት በሴቷ በመሆኑ፣ የጀርባዋ ጸጉሮችና በሆዷ በኩል ያለው የዘር መቀበያ ከረጢት በግልጽ እንዲታዩ በደንብ ተዘርግታ መተኛት አለባት። የቴትራኒከስ ዝርያዎችን ግን ከሴቷ ተነሥቶ በእርግጠኝነት መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ወሳኙ የወንዱ ብልት ቅርጽ ሲሆን እሱም የሚታየው ወንዱ በጎኑ ሲተኛ ብቻ ነው። ጀማሪዎች ሴቶችን ብቻ ሰብስበው የሚመለሱት ወንዶቹ ትናንሽና ቀጫጭን ስለሆኑ ዓይን ስለማይስቡ ነው፤ የሰበሰቡት ናሙና ሁሉ ዝርያው ሳይታወቅ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በመስክ ላይ ወንድ ካልተገኘ፣ ሴቶቹን በሕይወት ይዞ ልጆቻቸውን በቅጠል ላይ ማሳደግ ይቻላል፤ ወንድ ያላገኘች ሴት የምትወልደው ወንድ ብቻ ስለሆነ ይህ መፍትሔ አይከሽፍም።

ማይክሮስኮፑ ፌዝ ኮንትራስት (ግልጽ ናሙናን በብርሃንና በጥላ ልዩነት አጉልቶ የሚያሳይ ዘዴ) ያለው መሆን አለበት። ተራው የማስተማሪያ ማይክሮስኮፕ ጸጉሮቹን አያሳይም፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ በክፍሉ ከሌለ በሕክምና ኮሌጁ ወይም በአቅራቢያው ባለ የምርምር ማዕከል መኖሩን ጠይቀው የአጠቃቀም ስምምነት ይጨርሱ። ለንባብ ደግሞ ጄራልድ ክራንትዝ በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትና ሦስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የማይት ጥናት መመሪያ መጽሐፍ እስከ ቤተሰብ ደረጃ ያደርሳል። ለቴትራኒኪዴ በፈረንሳይ የሞንፔሊዬ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት በነጻ የከፈቱት የዝርያዎችና የአስተናጋጅ ዕፅዋት መዝገብ አለ።

የፒኤችዲ ቦታ

በዚህ ዘርፍ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ሳይሆን የብራዚል ነው። ጂልቤርቶ ዴ ሞራይስ ለፒኤችዲ ወደ ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ዩኒቨርሲቲ ሄደው አዳኝ ማይቶችን ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በብራዚል የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ቀጥሎም በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ የፒራሲካባ ግብርና ኮሌጅ ሠርተው ትውልድ ያፈራ ትምህርት ቤት ገንብተዋል። ከአሜሪካና ከብራዚል ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት የፋይቶሴይዴ የዓለም ዝርዝር እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ለአፍሪካ ምን እንዳደረገ ደግሞ በካሳቫ ታሪክ ይታያል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የካሳቫ አረንጓዴ ማይት እ.ኤ.አ. በ1971 በኡጋንዳ ከታየ በኋላ በአህጉሩ የካሳቫ አገሮች ተዛመተ። መጀመሪያ ከኮሎምቢያ መጥተው የተለቀቁት አዳኞች አልለመዱም። ከብራዚል የመጣውና እ.ኤ.አ. በ1993 በቤኒን የተለቀቀው ታይፍሎድሮማለስ አሪፖ ግን ቀን ቀን በተክሉ ጫፍ እምቡጥ ውስጥ እየተደበቀ፣ ሌሊት ወደ ቅጠሎቹ እየወጣ በማደን በሰፊው ተባዛ። እርስ በርስ የሚመሳሰሉ አዳኞችን መለየት የሚችል ሰው ባይኖር፣ የቱ እንደለመደና የቱ እንደጠፋ እንኳ ማወቅ አይቻልም ነበር።

በናይሮቢ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ለአፍሪካውያን የፒኤችዲ ተማሪዎች ለረጅም ጊዜ የቆየ መርሐ ግብር አለው፤ የቲማቲም ቀይ ማይት በሆነው በቴትራኒከስ ኢቫንሲ ላይም ሠርቷል። ኔዘርላንድስ የባሕርይና የሥነ ምኅዳር ጥያቄ ላለው ሰው ትመቻለች። የአምስተርዳሙ ሞሪስ ሳቤሊስና የዋግኒንገኑ ማርሴል ዲኬ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በማይት የተጠቃ የሊማ ቦሎቄ በሚለቀው ሽታ አዳኝ ማይቶችን እንደሚጠራ ያሳዩት እዚያ ነበር። የዘረመል ዝንባሌ ያለው ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ፣ ኋላም በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን ማርጆሪ ሆይን ሥራ ይመልከት፤ ፀረ ተባይን የሚቋቋም አዳኝ ማይት በላቦራቶሪ መርጠው አራብተው በአልሞንድ እርሻዎች ውስጥ እንዲሠራ አድርገዋል። ሙሉ ፒኤችዲ ለማይሆንለት ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሰጠውና ለረጅም ዓመታት በኦሃዮ ስቴት፣ በኋላም በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው የክረምት ሥልጠና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ያስተምራል።

የትም ቢሄዱ አንድ ነገር አይዘንጉ። በኢትዮጵያ ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ናሙናን ወደ ውጭ መላክ ፈቃድ የሚጠይቅ እንዲሆን አድርጓል፤ የሚመለከተውም መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ማይት በፖስታ ውስጥ የማይታይ ትንሽ ነገር ነው ብሎ ያለ ፈቃድ የሚልክ ተማሪ፣ ውጤቱን ሊያሳትም ሲል የፈቃዱን ቁጥር የሚጠይቅ አዘጋጅ ይገጥመዋል።

ከቅጥር በኋላ

የማዕረጉ መሰላል የታወቀ ነው፤ ከግራጁዌት አሲስታንትነት ወደ ሌክቸረርነት፣ ከፒኤችዲ በኋላ ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ፕሮፌሰርነት ይወጣል። ዕድገቱ በአገልግሎት ዘመን፣ በማስተማር ምዘናና በኅትመት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ከውጭ ተመልሶ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በማስተማር ጫና ተውጦ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። መከላከያው ገንዘብ ሳይጠብቁ ወዲያው የሚራባ ማይት መያዝ ነው። ቦሎቄ በማሰሮ ዘርተው ቴትራኒከስን በላዩ ያሳድጉ፤ ለሙከራ ደግሞ ቅጠሉን ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ውሃ በጠጣ ስፖንጅ ወይም ጥጥ ላይ ቢያሳርፉት ውሃው ማይቱን አያሳልፍም። አዳኞቹ ግን በሌላ ክፍል ይቀመጡ፣ በቀን መጀመሪያ የሚጎበኘውም የተባዩ ክፍል ይሁን፤ በልብስ ላይ ተሳፍራ የገባች አንዲት አዳኝ ሴት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተባዩን ዘር ልታጠፋ ትችላለችና።

ዕቃው ርካሽ መሆኑ የሥራውን ክብደት አይቀንስም። ካርል ሀፋከር እ.ኤ.አ. በ1958 በካሊፎርኒያ ያሳተሙት፣ በአዳኝና በታዳኝ ግንኙነት ላይ እስከ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚጠቀሰው ሙከራ የተሠራው በብርቱካን፣ በላስቲክ ኳስና በቫዝሊን ነበር።

ኅትመትን በተመለከተ የማይት ጥናት (አካሮሎጂ) መጽሔቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የሚወጣው አካሮሎጂያ በነጻ ይነበባል። ኤክስፔሪሜንታል ኤንድ አፕላይድ አካሮሎጂ ለሙከራና ለተግባር ሥራዎች፣ ሲስተማቲክ ኤንድ አፕላይድ አካሮሎጂ እና ዙታክሳ ደግሞ ለዝርያ ገለጻ ይመረጣሉ። ክፍያ ተቀብለው በሳምንት ውስጥ «ተቀብለናል» የሚሉ መጽሔቶችን ይሽሹ፤ ለማዕረግ ዕድገት ቢቆጠሩ እንኳ በሙያው ሰዎች ዘንድ ስም ያጎድፋሉ። አዲስ ዝርያ የሚገልጹ ከሆነ፣ በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ስሙ እንዲጸና በዙባንክ (የእንስሳት ሳይንሳዊ ስሞች ዓለም አቀፍ መዝገብ) መመዝገብ አለበት፤ የስሙ መነሻ የሆነው ናሙናም በግል መሳቢያ ሳይሆን በታወቀ ስብስብ ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል። የመስክ ሙከራ ብቻ የሠሩም ቢሆኑ፣ የሞከሩበትን ማይት የተወሰኑ ስላይዶች በማስረጃነት ያስቀምጡ። አንድ ስም ኋላ ለሁለት ዝርያዎች የተሰጠ ሆኖ ሲገኝ፣ ያለ ማስረጃ ናሙና የታተመ ሥራ ሁሉ ስለ የትኛው እንደሚናገር አይታወቅም።

ስምዎ ሲታወቅ የአበባ እርሻዎች፣ የኳራንቲን ሠራተኞችና የሌሎች ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ይህን ለይልን» እያሉ ብልቃጥ ይልካሉ። ይህ ጊዜ ይበላል፤ ሆኖም በራስ በጀት ፈጽሞ የማይደረስባቸውን አካባቢዎች ናሙና ደጅ ድረስ ያመጣል። የሚበጀው ሁለት ነገር ማስፈጸም ነው፤ የቦታው፣ የተክሉና የቀኑ መረጃ የሌለውን ብልቃጥ አለመቀበል፣ እንዲሁም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በደራሲነት ስለ መካተት መስማማት። በአገር ውስጥ በዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በየጊዜው ያቅርቡ፤ ዓለም አቀፉ የአካሮሎጂ ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ከተጀመረ ወዲህ በአመዛኙ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል፤ የፒኤችዲ ውጤትዎ ከሚደርስበት ጋር አስማምተው ያቅዱት።

ፕሮፌሰርነት ላይ የደረሰ ሰው ዋናው ሀብቱ በሺዎች የሚቆጠር የስላይድ ስብስብ ነው። ይህ ስብስብ የዩኒቨርሲቲው ንብረት መሆኑ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ፣ ዝርዝሩም በኮምፒዩተር ካልተያዘ፣ ባለቤቱ ጡረታ በወጣ ማግስት ለቢሮ ቦታ ሲፈለግ ሣጥኖቹ የሚወድቁበት አይታወቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስላይድ ሁለት ምልክት ይኑረው፤ በግራ በኩል ቦታ፣ ከፍታ፣ ተክል፣ ቀንና ሰብሳቢ፣ በቀኝ በኩል የዝርያው ስም፣ ጾታና የለየው ሰው ስም ይጻፍ። ዝርዝሩ በየዓመቱ ይታደስ፣ አንድ ቅጂው ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጥ፤ ርክክቡም ከጡረታ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ስላይዶቹን ማንበብ የሚችል ቢያንስ አንድ የፒኤችዲ ተማሪ ባለበት ይፈጸም።